አራት ኪሎ ከሐረር በዓመት ስንት ትርቃለች?

የ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን ነበር። ግንፍሌ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተኝቼ አልጋው ሲወዘውዘኝ ነቃሁ። መጀመሪያ ሕልም መሰለኝ። ቀጥሎ ቁም ሣጥኑ ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ሲንቀጫቀጩ ሰማሁ። ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ «ውጡ! ውጡ!» የሚል ድምፅ። ጋቢያችንን ተከናንበን ግቢው ውስጥ ቆምን።

ከብሎካችን ታችኛው ቤት የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ ታነባለህ» አሉኝ። «ስልኬ የት ሰፈር እንዳለ ሰማይ ላይ ሆነው የሚያውቁ ሰዎች፣ ምድሪቱ ልትንቀጠቀጥ መሆኗን እንዴት ቀድመው አያውቁም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ያን ሌሊት ግን በቅጡ አልመለስኩላቸውም፤ ብርዱም አላስቆመንም። መልሱ ትንሽ ረዘም ይላል። የሚጀምረውም ከቤታችን በእግር ከሚደረስበት ከአራት ኪሎ ነው። እዚያ የመሬትን ጉዞ በጂፒኤስ፣ ማለትም ስልካችን ያለበትን ቦታ በሚያውቅበት የሳተላይት ዘዴ፣ የሚለካ ጣቢያ አለ።

እውነት እግራችን ሥር ያለው መሬት ይሄዳል?

አዎ፣ ይሄዳል። የመሬት የላይኛው ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም። በትላልቅ ቁርጥራጮች ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ቁራጭ «ፕሌት» ይባላል። ከሥሩ ያለው አለት በጣም ስለሚግል ጠጣር ሆኖም ቢሆን እንደ ወፍራም ሊጥ ቀስ እያለ ይፈሳል። ፕሌቶቹም እዚያ ላይ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ።

አገራችን ላይ ሦስት ፕሌቶች ይገናኛሉ። አዲስ አበባ ያለችው ኑቢያ በሚባለው ላይ ነው። ሐረርና ባሌ ሶማሊያ በሚባለው ላይ ናቸው። ስሙ ስለ ፕሌቱ እንጂ ስለ አገር ድንበር አይናገርም። ሦስተኛው ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው አረቢያ ነው። ሦስቱ የሚገናኙት አፋር ላይ ነው።

ትኩስ ድፎ ዳቦ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። መጀመሪያ መሃሉ ይሳሳል። ከዚያ ይሰረጉዳል። ከላይ ያለው ቅርፊት ይሰነጠቃል። ስምጥ ሸለቆ ማለት ይኸው የተሰረጎደው መሃል ነው። ወደ ሐረር የሄደ ሰው ያውቀዋል። መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዳማ ይወርዳል፣ መተሐራን፣ የፈንታሌን ተራራና አዋሽን ያልፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ጭሮ ደጋ ይወጣል። ቁልቁል ወርዳችሁ ሽቅብ ስትወጡ ከአንድ ፕሌት ወደ ሌላ ተሻግራችኋል። መተሐራ ላይ አስፋልቱ ዳር የምታዩት ጥቁር የተከመረ አለት ከዚያው ስንጥቅ ወጥቶ የቀዘቀዘ ነው።

ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ መሬቱን ያየዋል?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይት ካሜራ የለውም፤ ወደ ታች አያይም። ሥራው መናገር ብቻ ነው። የሚያዳምጠው መሬት ላይ ያለው መሣሪያ ነው። እንጦጦ ላይ ካለው የሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያ ጋርም አታምታቱት። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ያመጠቀችው ሳተላይት ፎቶ እንዲያነሳ የተሠራ ነው። የዚህኛው ቤተሰብ ሌላ ነው።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው መሬትን በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳያቋርጥ በሬዲዮ ሞገድ አንድ ነገር ይደጋግማል፦ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ነው፣ ሰዓቱ ይህ ነው።» ሌላ ነገር የለውም።

በሐምሌ መብረቅ ሲበርቅ አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ሦስት ሰከንድ ከቆየ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ዘዴው ይኸው ነው። መልእክቱ የተላከበትን ሰዓት ከደረሰበት ሰዓት ጋር ስታስተያዩት ርቀቱን ታገኛላችሁ። ችግሩ የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር መሄዱ ነው። ከሳተላይቱ እኛ ጋ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ለ14 ቢካፈል ያህል ይበቃዋል። ሰዓቱ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቢዛነፍ ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታል። ሳተላይቶቹ የአቶም ሰዓት የተሸከሙት ለዚህ ነው።

የአንድ ሳተላይት ርቀት ብቻውን ዋጋ የለውም። «ከፒያሳ ይህን ያህል እርቃለሁ» ቢሏችሁ ሰውየውን አታገኙትም። «ከፒያሳ ይህን ያህል፣ ከመስቀል አደባባይ ይህን ያህል፣ ከመገናኛ ይህን ያህል» ካሏችሁ ግን በቃ፣ ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሰማይ ላይ ደግሞ አራተኛ ያስፈልጋል። የእኛ መሣሪያ ሰዓት ርካሽ ስለሆነ የእሱን ስሕተት የሚያርመው አራተኛው ነው።

ስልኬ መንገድ ማዶ ያደርገኛል፣ ታዲያ ሚሊ ሜትር እንዴት ይለካል?

የታክሲ አፕ ላይ ነጥቧ እናንተ ካላችሁበት ወዲያ ማዶ ስትቀመጥ አይታችኋል። ስልክ በጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል። ፕሌት ግን በዓመት የሚሄደው በሚሊ ሜትርና በሴንቲ ሜትር ነው። ሳተላይቱ ያው አንድ ነው። ለውጡ ያለው አደማመጡ ላይ ነው።

ስልክ በዋናነት የሚሰማው መልእክቱን ነው። ይህ ርቀትን በእርምጃ እንደ መለካት ነው። የምርምር ጣቢያ ግን መልእክቱን የተሸከመውን ሞገድ ራሱን ይቆጥራል። የአንዱ ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ስንዝር አይሞላም። ጥሩ መሣሪያ ይህችን ስንዝር መቶ ቦታ ከፍሎ ያነባታል፤ አንዱ ክፋይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከእርምጃ ወደ ልብስ ሰፊ ሜትር ተሸጋገርን ማለት ነው።

ግን ይህ ሜትር አንድ ጣጣ አለው። መነሻው አይታይም። መሣሪያው እጁ ላይ ያለውን የመጨረሻውን ስንዝር በደንብ ያነባል፤ እስከ ሳተላይቱ ድረስ ስንት ሙሉ ስንዝር እንዳለ ግን አያውቅም። ይህን የሚፈታው ሳተላይቱ ሰማዩን ሲያቋርጥ ረጅም ሰዓት ተከታትሎ ነው። ሳተላይቱ ቦታ ሲቀይር ርቀቱም ይቀየራል፤ ያ ሁሉ ለውጥ ሊስማማበት የሚችለው ቁጥር እየጠበበ ሄዶ አንድ ይቀራል።

ሌላው ፈተና አየሩ ነው። ከላይ በፀሐይ የተነቃቃ፣ ኤሌክትሪክ ያዘለ የአየር ንጣፍ አለ። አዮኖስፌር ይባላል፤ ሞገዱን ያውካል። ጃንሜዳ አገር አቋራጭ ሲሮጥ አይታችሁ እንደሆነ፣ ጭቃው ሁሉን እኩል አይጎትትም። አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ብዙ ያዘገየዋል። ሁለቱ ሯጮች በምን ያህል ልዩነት እንደገቡ ካየህ ጭቃው ምን ያህል እንደነበር መገመት ትችላለህ። ሳተላይቶቹም ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ የተለያዩ ሞገዶች አብረው ይልካሉ። አዮኖስፌሩ አንዱን ከሌላው ይበልጥ ስለሚያዘገየው፣ ልዩነቱ ራሱ የጭቃውን ልክ ይናገራል። እኛ ጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመግነጢስ ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢስ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚሆንበት መስመር፣ በአገራችን ላይ ያልፋል፤ እዚህ አካባቢ አዮኖስፌር በተለይ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ይረበሻል።

ከታች ደግሞ እርጥበት አለ። በክረምት አየሩ ውኃ ሲያዝል ሞገዱ ይዘገያል። ለፕሌት ለኪው ራስ ምታት ነው። ለአየር ትንበያ ባለሙያው ግን ሲሳይ ነው፤ ከዚያ መዘግየት ተነሥቶ አየሩ ላይ ስንት ውኃ እንዳለ ያሰላል።

ጣቢያው ምን ይመስላል?

ግዙፍ ዲሽ የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል። ከዋናው ነገር የምታዩት የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን የሚያክል ነጭ ክዳን ነው። ክዳኑ ዝናብና ወፍ ይከላከላል። ሥሩ ያለው አንቴና ዙሪያውን በብረት ቀለበቶች ይከበባል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ ልክ ኩሬ ውስጥ ጠጠር ስትጥሉ እንደሚፈጠረው ክብ። ቀለበቶቹ የተሠሩት የሐሰት ድምፅ ለመቁረጥ ነው። ሞገድ ከመሬትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ነጥሮ ሲመጣ መንገዱ ስለሚረዝም ርቀቱን ያሳስታል። ቀለበቶቹ ከታች ነጥሮ የሚመጣውን ያፍኑታል።

ከአንቴናው የሚወጣ ገመድ ወደ አንድ ሣጥን ይገባል። ሪሲቨር ይባላል፤ የቲቪውን ስም ቢጋራም ሥራው ለየቅል ነው። ብዙ ጊዜ በየ30 ሰከንዱ አንድ ንባብ ይመዘግባል። በቀን 2,880 ማለት ነው። ከነዚህ ሁሉ ተጣርቶ የሚወጣው የቀኑ ቦታ አንድ ብቻ ነው። በዓመት 365 ነጥብ።

ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን እግሩ ነው። አንቴናው የቆመበት ምሰሶ አለት ላይ ወይም በጣም በጠና መሠረት ላይ መተከል አለበት። የአዲስ አበባን ጥቁር አፈር አስቡት። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የግቢ አጥር ያዘማል። እዚያ ላይ ብትተክሉት የምትለኩት ጭቃውን ነው።

እንዲህ ያለ ጣቢያ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አለ። ዓለም አቀፉ የጣቢያዎች መረብ ውስጥም «አዲስ» በሚል መለያ ይታወቃል። ያለበት ተቋም ዛሬ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ይባላል። የተመሠረተው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ባቋቋሙት የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ላይ ነው። አዲስ አበባን ያስመረጣት ያው የመግነጢስ ወገብ ቅርበቷ ነበር። ጉዋን ስለ ኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መረጃ ሲለቅሙ ኖረዋል። በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባን ክፉኛ ያናወጠውም እዚያ ውስጥ አለ። የእኛ አልጋ መወዛወዝ አዲስ ነገር አልነበረም።

ሁሉም የሚሄድ ከሆነ፣ ከምን አንጻር ነው የሚለካው?

ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ከሾፌሩ በስተኋላ ያለችውን ሴትዮ ብታዩ አትንቀሳቀስም። እናንተም እሷም ግን እየሄዳችሁ ነው። አራት ኪሎ፣ ጎንደር፣ ነቀምቴ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ናቸው። አብረው በዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛሉ። የጥፍር እድገት ያህል ፍጥነት ነው። እርስ በርስ ግን አይራራቁም ማለት ይቻላል።

ሐረር ያለችው ጎን ለጎን በሚሄደው ሌላ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሁለቱ መኪኖች ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄዱ ቀስ በቀስ ይራራቃሉ። ልዩነቱ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የአንዲት የስንዴ ፍሬ ርዝመት። ከአድዋ ድል እስከ ዛሬ ብታሰሉት 65 ሴንቲ ሜትር፣ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። ወደ ሰሜን፣ አፋር ላይ፣ አረቢያ ከኑቢያ የምትርቀው ከዚህ ይፈጥናል፤ በዓመት እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

ስለዚህ «አፍሪካ ለሁለት ልትከፈል ነው፣ ባሕር ሊመጣ ነው» የሚለውን ወሬ ስትሰሙ አትደንግጡ። መከፈሉ እውነት ነው። ጊዜው ግን በሚሊዮን ዓመታት ይቆጠራል።

ይህን ቁጥር ለማግኘት ትዕግሥት ያስፈልጋል። የአንድ ቀን ነጥብ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ይላል። ከአንድ ወር መረጃ ምንም አይታይም። ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ሲጠራቀም ነጥቦቹ መሃል ያዘመመች መስመር ብቅ ትላለች። ክረምቱም የራሱን ጨዋታ ይጫወታል። ያ ሁሉ ዝናብ ክብደት ስለሆነ መሬቱን በጥቂቱ ይጫነዋል፤ ውኃው ሲሄድ መሬቱ ተመልሶ ከፍ ይላል። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ብቻ ያየ ሰው ይህን የፕሌት ጉዞ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

ታዲያ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ለምን አይነግረንም?

አሁን የእማማ ጥያቄ ላይ ደረስን።

የማገዶ እንጨት ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ አጉብጡ። ስንት እንደጎበጠ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እንደሚሰበርም ታውቃላችሁ። በየትኛው ሰከንድ ቀጭ እንደሚል ግን አታውቁም። ውስጡ ያለው ስንጥቅ፣ የጠና የላላው ጭረት አይታያችሁም። ጣቢያዎቹ የሚነግሩን የመጉበጡን ልክ ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። መስከረም 16 ቀን፣ እኛ እዚህ ደመራ በምንለኩስበት ዕለት፣ እዚያ ምድር ተቀድዳ አመድ ተፋች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገባና መሬቱን ገፍቶ ከፈተው። በጣም በሰፋበት ቦታ 8 ሜትር። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ብንል የ400 ዓመት ጉዞ መሆኑ ነው። ይህን የመጀመሪያውን መከፈት ለመለካት የረዱት የራዳር ሳተላይቶች ናቸው፤ እነዚያ በእርግጥ መሬቱን ያዩታል። ከዚያ በኋላ የተተከሉ የጂፒኤስ ጣቢያዎች በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት የገቡትን ተከታታይ የቅልጥ አለት ግፊቶች ተከታትለዋል።

ስለዚህ ጉዞው በየዓመቱ እኩል አይከፈልም። መሬቱ ለዘመናት ይለጠጥና አንድ ቀን ያጠራቀመውን ይለቃል። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢም ቅልጥ አለት ከሥር ተንቀሳቅሷል። በሬክተር መለኪያ ከ5 በላይ የሆኑ መንቀጥቀጦች ተከትለው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ግንፍሌ ድረስ መጥቶ የቀሰቀሰኝ የዚያ ርዝራዥ ነው። እኔ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። እነሱ አልተመለሱም።

«የጣቢያ ብዛት ቢኖረንስ?» ትሉ ይሆናል። ጃፓን ከ1,000 በላይ ጣቢያዎች አሏት። በመጋቢት 2011 (እ.ኤ.አ.) ታላቁ መንቀጥቀጥ ሲመታ አንደኛው ጣቢያ ከ5 ሜትር በላይ ተገፍቶ ተገኘ። ልኩን በትክክል ተናገረ። ቀኑን አስቀድሞ የተናገረ ግን አልነበረም። ቀንና ሰዓት ጠርቶ «ዛሬ ማታ ይመጣል» የሚል መልእክት ቴሌግራም ላይ ቢደርሳችሁ፣ የላከው ሰው አያውቅም። ለሌላም አታስተላልፉት።

ጣቢያዎቹ የሚሰጡት ሌላ ነገር ነው። የትኛው ቦታ ይበልጥ እየተለጠጠ እንደሆነ ያሳያሉ። ግድብ፣ የባቡር መስመር፣ ረጅም ሕንፃ የሚሠራ መሐንዲስ ምን ያህል ብረት እንደሚያስገባ የሚወስነው የመንቀጥቀጥ አደጋ ካርታ በከፊል ከዚህ ይወጣል። እሳተ ገሞራ ሥር ቅልጥ አለት ሲሞላ መሬቱ ያብጣል፤ አጠገቡ ጣቢያ ካለ ይታያል። ይህኛው አንዳንዴ ሰውን ለማንሣት ጊዜ ይሰጣል። አፋርና ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ተጨማሪ ቋሚ ጣቢያ ቢተከል ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው።

የቤቴ ካርታ ላይ ያለው ቁጥርስ ይቀየራል?

ይህን የጠየቀኝ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ነው። የይዞታ ካርታው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ስልኩ ላይ ቢያስገባ፣ ነጥቧ ከግቢው 200 ሜትር ገደማ ርቃ አረፈች። «መሬቴ ሄዷል ማለት ነው?» አለኝ፤ ከልቡ ተጨንቆ።

አልሄደም። በዓመት 3 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ ፕሌት 200 ሜትር ለመሄድ ከ6,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አጥሩም የጎረቤቱም አጥር አንድ ሚኒባስ ውስጥ ስለሆኑ ድንበሩ ንክች አይልም። ልዩነቱ የመጣው ከመለኪያው መነሻ ነው። ብዙዎቹ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የቆየ መነሻ ነው። ስሙ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ነጥብ የመጣ ነው። ስልክ ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ዓለም አቀፍ መነሻ ይጠቀማል። ሁለቱ አንድ ቦታን በተለያየ ቁጥር ይጠራሉ። ቀያሽ ግቢያችሁ ሲመጣ መሣሪያውን ሳያቆም በፊት በየትኛው እንደሚለካ ጠይቁት፤ ወረቀቱ ላይም ስሙን እንዲጽፍላችሁ አድርጉ።